ላት የሌለው በግ፤ ለአነስተኛ ድርጅት ዓርማ ስናሠራ የተማርነው

ስልኩ የተደወለው ከመሐል ሜዳ ነው። ደዋይዋ "እታለም" ብዬ የምጠራት ታላቅ እህቴ ነች። ከጎረቤቶቿና ከሁለት ሸማኔዎች ጋር ሆና፣ የበግ ፀጉር እያስፈተለችና እያሸመነች፣ ባና፣ የአንገት ልብስና ምንጣፍ የምታዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ካቋቋመች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር።

"አንድ የአዲስ አበባ ሱቅ 40 ባና አዝዞናል" አለችኝ። ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሎጎ ካልተሰፋበት አንረከብም ይላሉ። ሎጎ ማለት ያው ዓርማው ነው አይደል? አንተ የተማርክ ነህና አሠራልን" አለች።

"የተማርክ ነህና" የምትባለው ቃል ስንቱን ጉድ እንዳደረገች የደረሰበት ያውቃል። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ። ስለ ዓርማ የማውቀው በደብዳቤ ራስጌ ላይ እንደሚቀመጥ ብቻ ነበር። ቢሆንም "ችግር የለም፣ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያ "በሳምንት" ያልኩት ነገር አምስት ወር ፈጀ። በመካከሉም ገንዘብ ባከነ፣ ክረምት አለፈ፣ ከታዘዙት ባናዎች የሚበዙትም በሱቁ ሳይገዙ ቀሩ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከእናንተ መካከል አዲስ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ወይም እንደ እኔ "የተማርክ ነህና" የተባለ ሰው ቢኖር እኛ የከፈልነውን እንዳይከፍል ነው።

የመንዝ ባና

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከዋናው የደሴ መንገድ ይገነጠልና፣ ጓሳን እያቋረጠ ይደርስባታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺሕ ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ብርዷ የሚያስቀልድ አይደለም። ገብስና በግ የኑሮው ምሰሶዎች ናቸው። ሴቶች የበጉን ፀጉር ያጥባሉ፣ ያፍታታሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ። ወንዶች ይሸምናሉ። ባናውም ሆነ በርኖሱ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

የመንዝ በግ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ብርድና የመኖ እጥረት የሚችል፣ ፀጉሩ ሻካራ፣ ላቱ ደግሞ አጭርና ጫፉ ወደ ላይ ቀልበስ ያለ ነው። ይህችን የላት ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። በኋላ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው ስህተት

ሥራውን የሰጠሁት በሰፈሬ ለሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኅትመት ቤት ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ሠራተኛ "ስለ ምንድን ነው ሥራው?" አለኝ። "የበግ ፀጉር፣ ባና ምናምን" አልኩት። ሌላ የጠየቀኝም፣ የነገርኩትም ነገር የለም። 2,500 ብር ከፍዬ በማግስቱ ተረከብኩ።

ያማረ ነበር። በአረንጓዴ መስክ ላይ የቆመ ድብልብል ነጭ በግ፣ ከኋላው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከላይ የድርጅቱ ስም ጥላ ጥሎ በወርቃማ ቀለም፣ ከታች ደግሞ "ጥራት መለያችን ነው" የሚል ጽሑፍ። በቴሌግራም ለእታለም ላክሁላት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለች። ከጎኗ የአንጋፋው ሸማኔ ድምፅ ይሰማል።

"ይሄ የማን በግ ነው?" ይላሉ።

"ያው በግ ነው እንጂ ጋሼ" አልኳቸው።

"ላት የለውማ! ላት የሌለው በግ መንዝ አላየንም።"

እውነታቸውን ነው። ምስሉ ከኢንተርኔት የተወሰደ የውጭ አገር በግ ነበር። ሜሪኖ የሚባለውን ዓይነት ማለት ነው፤ ፀጉሩ የለሰለሰ፣ ጭራው ቀጭን። እኔ መሐል ሜዳ ተወልጄ ያደግሁት፣ በግ ስጠብቅ ውርጭ የበላኝ ሰው፣ አላስተዋልኩም። እርሳቸው በስልክ መስተዋት ላይ በአንድ አፍታ አዩት። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው። ባናውን የሚገዛው ሰው የሚከፍለው የመንዝ መሆኑን አምኖ ነው። ዓርማው ግን ገና ከመነሻው "ይህ የመንዝ አይደለም" ይል ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ኮቴ ውስጥ ተገኘ

"በጉ ይቅር፣ ሌላ ነገር ሥራልን" ብዬ ወደዚያው ቤት ተመለስኩ። ልጁም ቅን ነበርና ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ አቀረበልኝ። በጥቁር መስመሮች የተጠማዘዘ የክር ጥንጥን የሚመስል ምልክት ነበር። ቀላል፣ ንጹሕ፣ ለዓይን የሚማርክ። እታለም ወደደችው፣ ሸማኔዎቹም ተስማሙ። ለመለያ ጨርቅ ኅትመት ልናዝ ስንል፣ አንድ እሑድ ለሰርግ ልሄድ ኮቴን ሳወጣ የውስጥ ኪሱ አጠገብ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አየሁ። ያችው ጥንጥን ቁጭ ብላለች!

ምልክቱ "ዉልማርክ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ የሆነ፣ ልብሱ ከንጹሕ የበግ ፀጉር የተሠራ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሆኖ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ የንግድ ምልክት ነው። ዛሬ ባለቤትነቱ በአውስትራሊያ የሱፍ አምራቾች ድርጅት እጅ ነው። ፈቃድ ያላገኘና ምርቱ ያልተመረመረለት ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። እኛ ግን የራሳችን አድርገን በ40 ባና ላይ ልንሰፋው ነበር። ሱቁ ደግሞ ደንበኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የሚደርስብንን ማፈር አስቡት።

ከኢንተርኔት የተገኘ ምስል ሁሉ ባለቤት አለው ብሎ መነሳት ይሻላል። "ጉግል ላይ ነው ያገኘሁት" ማለት "መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት" ከማለት አይለይም። መንገድ ላይ የተገኘ በግ ባለቤት የለውም እንዴ?

ለመሆኑ ዓርማ ምንድን ነው?

ሁለቴ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። መልሱን ያገኘሁት ደግሞ ከልጅነቴ ትዝታ ነው። በእኛ ቤት ግልገል ሲወለድ አባቴ ጆሮውን በጥቶ ምልክት ያደርግበት ነበር። የጎረቤት ሌላ ነው፣ የእኛ ሌላ። የመንደሩ በግ ተቀላቅሎ ሲውል፣ ወይም አንዱ ጠፍቶ ገበያ ላይ ሲገኝ፣ የሚለየው በዚያች ምልክት ነው። ምልክቷ በጉን አታሳምረውም፤ የማን እንደሆነ ትናገራለች እንጂ።

ዓርማም ይኸው ነው። ዋና ሥራው ማስዋብ ሳይሆን መለየት ነው። አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ሁለተኛ ሊገዛ ሲፈልግ እናንተን ከሌላው ለይቶ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክትን የሚተረጉመው የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ለመለየት የሚያስችል፣ በዓይን የሚታይ ምልክት በማለት ነው። ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም ወይም የእነዚህ ቅንጅት ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1876 የንግድ ምልክት መዝገብ ሲከፈት ቁጥር 1 ሆኖ የተመዘገበው የባስ ቢራ ምልክት ነው። ምን ነበር? አንድ ቀይ ሦስት ማዕዘን፤ በቃ። በአገራችንም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን ፈረሰኛ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ባለሦስት ቀለም ጭራ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይለየዋል።

ዓርማው ብቻውን ተአምር አይሠራም። የናይኪን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የነደፈችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል ተማሪ ስትሆን በወቅቱ የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ድርጅቱ ካደገ በኋላ አክሲዮን ሰጥቶ አመስግኗታል። ያቺን ጭረት ዛሬ ላለችበት ክብር ያበቃት ግን ጫማው ነው። ስለዚህ አነስተኛ ድርጅት ለዓርማ ብሎ የክር መግዣውን ማሟጠጥ የለበትም። የሚያስፈልገው ግልጽ፣ የራሱ የሆነና የትም ቦታ የሚሠራ ምልክት ነው።

ከሥዕሉ በፊት ጥያቄው

ሦስተኛውን ሙከራ የጀመርነው ከአንዲት ግራፊክ ዲዛይነር ጋር ነው። ልዩነቱን ያወቅኩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ለአንድ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ። ጥያቄዎቿ እነዚህ ነበሩ፦

ምን ትሸጣላችሁ? የሚገዛችሁ ማን ነው? አሁን ከማን ነው የሚገዛው? ከእነዚያ በምን ትለያላችሁ? ዓርማው የሚያርፍባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ከሁሉም ትንሹ ቦታ የቱ ነው? በስንት ቀለም ማሳተም ትችላላችሁ? በስሙ ውስጥ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለቱም ይኖራሉ? የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው?

ግማሾቹን መመለስ አቅቶኝ ወደ መሐል ሜዳ ደወልኩ። ያኔ ነው ነገሩ የራሳቸው የባለቤቶቹ የሆነው። ስብሰባ ተቀመጡ። አንዱ ጓሳ በቱሪስት ስለሚታወቅ ጭላዳ ዝንጀሮ ይሁን አለ። ሌላው ቀይ ቀበሮ አለ። አንዲት ፈታይ ግን፣ "የበግ ፀጉር እየሸጥን ቀበሮ ልንለጥፍ?" ብላ ሁሉንም አሳቀች። አንበሳም ተነሳ፣ ጀበናም ተነሳ። ዲዛይነሯ አንበሳውንና ጀበናውን በትሕትና ጣለቻቸው። ምክንያቷም፣ "ስንት ድርጅት አንበሳ አለው? ከመቶ አንበሳ መካከል የእናንተን ማን ይለየዋል?" የሚል ነበር።

በመጨረሻ የቀረችው ያችው የተነቀፍንባት ላት ሆነች። አንጋፋው ሸማኔ፣ "እኔስ ብጠየቅ የመንዝን በግ ከሩቅ የምለየው በላቱ ነው" አሉ። ዲዛይነሯ የመንዝ በግ ፎቶዎች በብዛት እንዲላኩላት ጠየቀችና፣ ከጎን የታየ የበግ ጀርባን በአንድ ወፍራም መስመር ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ ላይ የሚቀለበስ አድርጋ አወጣችው። ዓይን የለው፣ እግር የለው፣ ፀሐይ የለው። ለማያውቀው ሰው ደስ የሚል ቅርጽ ነው። ለመንዝ ሰው ግን ሌላ ሊሆን አይችልም።

የማህተም ፈተና

በአገራችን ያለ ማህተም የሚሠራ ድርጅት የለም። ማህተም ደግሞ ለዓርማ ጨካኝ ፈታኝ ነው። ክብ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ የሚመታው ጎማም ጥቃቅን መስመር አይወድም። የመጀመሪያው ዓርማችን በማህተም ቢቀረጽ በጉም ፀሐይዋም አንድ ላይ የቀለም ጠብታ ይሆኑ ነበር። ዲዛይነሯ ያስተማረችን ፈተና አራት ደረጃ አለው፤ ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

አንደኛ፣ ዓርማውን በጥቁር ቀለም ብቻ አትሙት። ቀለሙ ሲጠፋ ትርጉሙም የሚጠፋ ከሆነ ገና አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አሳንሱት። በልብስ መለያ ጨርቅና በማህተም ላይ የሚኖረው ስፋት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ሦስተኛ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፤ ኮፒውን ደግሞ መልሳችሁ ኮፒ አድርጉ። ደረሰኝና ደብዳቤ በየቢሮው የሚዞረው እንዲህ ሆኖ ነው። አራተኛ፣ ወረቀቱን ከግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከ10 እርምጃ ራቁ። ታፔላ የሚነበበው ከሚያልፍ ታክሲ ላይ ነው።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር። በስልክና በኮምፒውተር መስተዋት የምናየው ቀለም ብርሃን ነው። በወረቀትና በጨርቅ ላይ የሚያርፈው ግን ቀለም የተነከረበት ነገር ነው። በመስተዋቱ የሚያበራው አረንጓዴ ሲታተም የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። የኅትመት ቀለሙ ቁጥር በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ በአንዱ ማተሚያ ቤት ቡናማ የነበረው በሌላው ቀይ ሆኖ ይመጣል። እኛ አንድ ቀለም ብቻ መረጥን፤ ያልተነከረው የጥቁር በግ ፀጉር መልክ። በስክሪን ፕሪንት ማሳተሙም ረከሰልን፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ሌላ ፍሬምና ሌላ ዋጋ ነውና።

የፊደል ጣጣ

ይህ በእንዲህ እንዳለ የአማርኛው ጽሑፍ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። ማተሚያ ቤቶቻችን እነዚያን የቆዩ ፊደላት ወድደው ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። በዚህም የተነሳ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በሥርዓቱ የተጻፈ ስም፣ ፊደሉ በሌለው ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና የባዶ ሳጥን ትርምስ ይሆናል። የመጀመሪያውን ፋይላችንን የወሰድንበት ስክሪን ፕሪንት ቤት የነገረንም ይህንኑ ነበር። "ጽሑፉ ምን እንደሚል አይታወቅም" አሉን።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥራው ሲያልቅ በዓርማው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ከፊደልነት ወደ ሥዕል መስመር እንዲቀየር ዲዛይነሩን ጠይቁ። ያን ጊዜ ፊደሉ ኖረም አልኖረ መልኩ አይለወጥም። በተጨማሪም ፊደላችን ጥቃቅን ቅጥያዎች አሉት። ሲያንስ "ሰ" እና "ሱ"፣ "ለ" እና "ሉ" እንዳይምታቱ ወፈር ያለና ክፍት የሆነ የፊደል ዓይነት መምረጥ ይገባል። የእንግሊዝኛውን ስም ትልቅ፣ የአማርኛውን ከታች ትንሽ የማድረግ ልማድም አለ። ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታሰብ መከተል አይገባም።

ዛሬ ዓርማ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ማሠራት ይቻላል የሚሉ አሉ። ሐሳብ ለማመንጨት ይረዳ ይሆናል። እኔም ሞክሬዋለሁ። የሰጠኝ በግ ያማረ ነበር፤ ከሥሩ የጻፈው አማርኛ ግን የትኛውም ፊደል ገበታ ላይ የሌለ ነው። በጉም ላት አልነበረውም።

ፋይሉ የማን ነው?

ሥራው ሲያልቅ የሚረከቡት ነገር አንድ ሥዕል ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሠረታዊው ፋይል ቬክተር የሚባለው ነው። ይህ በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመር የተሠራ በመሆኑ ለማህተም ቢያንስ፣ ለባነር ቢለጠጥ አይበጣጠስም። ኤአይ፣ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ በሚባሉ ዓይነቶች ይቀመጣል። ከእርሱ ጋር ከጀርባው ነጭ የሌለው ፒኤንጂ፣ የጥቁርና ነጭ ቅጂ፣ የቀለሙ ቁጥርና ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የሚሆን ክብ ቅጂ ተቀበሉ። በቴሌግራም ሲላክላችሁ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። ቅጂውንም ከአንድ ሰው በላይ ያስቀምጠው። ስልክ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል፣ ዲዛይነርም አገር ይለቃል።

ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፤ ሲጀመር፣ ረቂቁ ሲመረጥና ፋይሉ ሲረከብ። ስንት ረቂቅ እንደሚቀርብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ መብቱ የማን እንደሚሆንም በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የተለየ ስምምነት ከሌለ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት ያዘዘው ወገን እንደሆነ ይደነግጋል። ይሁንና "አዝዣለሁ" ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት የምትጠቅመው በሰላሙ ቀን ሳይሆን በክርክሩ ቀን ነው።

ስሙስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እታለም "የንግድ ስማችንን እኮ ንግድ ጽሕፈት ቤት አስመዝግበናል" ትለኝ ነበር። የንግድ ስም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚመዘገብ ሲሆን፣ ነጋዴው ማን እንደሆነ ይገልጻል። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው። የሚመዘገበው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ሲሆን፣ በዕቃው ላይ ያለውን ምልክት ይጠብቃል። አንዱን ያስመዘገበ ሁለቱን አስመዘገበ ማለት አይደለም።

ለምዝገባ ሲቀርቡ ምልክቱ የሚያርፍባቸው ዕቃዎች በዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ መሠረት ይዘረዘራሉ። ምደባው 45 ክፍሎች አሉት። ብርድ ልብስና ሌላ ጨርቃ ጨርቅ በ24ኛው፣ ልብስ በ25ኛው፣ ምንጣፍ በ27ኛው ውስጥ ይገባሉ። ምልክቱ ከተመዘገበ ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል።

ሁሉም ስም ግን አይመዘገብም። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ምልክት ተቀባይነት የለውም። ከሸማኔዎቹ አንዱ "መንዝ ባና" ብለን እንጥራው ሲል የነበረው ለዚህ ነው የቀረው። ሁለቱም ቃላት የሁሉም ናቸው። አንድ ድርጅት ብቻውን ቢወስዳቸው ሌላው የመንዝ ሸማኔ ምን ብሎ ይሽጥ?

የቦታ ስም ምን ያህል እንደሚያከራክር አገራችን በቡናዋ አይታዋለች። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። የአሜሪካው መሥሪያ ቤትም ሐረርንና ሲዳሞን መጀመሪያ ላይ አልቀበልም ብሎ ነበር። ምክንያቱ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነው። ከብዙ ሙግት በኋላ በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። ያ መንግሥት የያዘው፣ ዓለም ያወራለት ክርክር ነበር። ሁለት ሸማኔ ያለው ድርጅት ያንን አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የራሱን ስም መርጦ "የመንዝ ሥራ" የሚለውን በመግለጫነት ከታች ቢጽፍ ይበጀዋል። አዋጁ የማኅበር አባላት በጋራ ለሚጠቀሙበት ምልክትም ቦታ አለው። ምናልባት አንድ ቀን የመንዝ ሸማኔዎች ተሰባስበው ይጠቀሙበት ይሆናል።

የእኛን ድርጅት ስም እስካሁን ያልጠቀስኩትም ስለረሳሁ አይደለም። ማመልከቻው ገና ስላላለቀ ነው። ምዝገባው ቀድሞ ላመለከተ ያደላል፤ ጋዜጣ ላይ ማውጣቱ ደግሞ ይደርሳል።

ምን አተረፍን?

ዓርማው አልቆ መለያው ሲሰፋ መስከረም ሆኗል። ባናውን ለክረምት የፈለገው ሱቅ ከ40ው የወሰደው 15 ብቻ ነው። የቀረው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በቅናሽ ተሸጠ። የፈታዮቹም ክፍያ ዘገየ። ከእነርሱ መካከል የልጆቿን የትምህርት ቤት ወጪ በዚያ ገንዘብ ልትሸፍን ያሰበች ሴት ነበረች። እታለም ከእርሷ ፊት መቆም እንዴት እንደከበዳት ስትነግረኝ፣ ያ "በሳምንት ውስጥ ይደርሳል" ያልኩት ቃል አንገበገበኝ። ለዲዛይነሯ በጠቅላላው 12,000 ብር ከፍለናል። ከወጪያችን ሁሉ ትልቁ ግን ይህ አልነበረም፤ ያለፈው ክረምት ነው።

በጥር ወር አንድ የማናውቀው ሰው ለእታለም ደወለ። ከሱቁ አንድ ባና ገዝቶ ነበር፤ ለእናቱ ሁለተኛ ሲፈልግ ሱቁ ላይ አልቆ አጣው። ከባናው ጫፍ ላይ በተሰፋችው ጨርቅ ላይ ካለው ስልክ ደውሎ፣ "ያቺ ላቷ የተቀለበሰችው የእናንተ ናት?" አለ። እታለም "አዎ የእኛ ናት" አለች። በሚቀጥለው ገበያ ሰው በሚመጣበት መኪና ላከችለት።

አንድ ባና ብዙ አይደለም። ነገር ግን ሰውየው ከስንት ባና መካከል ፈልጎ ያገኘን በዚያች ምልክት ነው። አባቴ የግልገሉን ጆሮ ሲበጣ የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ዓርማ ልታሠራ ስትነሳ አስቀድመህ ሙያተኛውን ሳይሆን ሥራውን የሚያውቁትን ሰዎች አስጠይቅ፤ ላቱን የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

ቸር እንሰንብት።